የሰው ወርቅ አያደምቅ
ስለ ጥንታዊት አሜሪካ የጥበብ ፈሊጥ መስፋፋትና ስለ «ኢትዮጵያዊው ፊት» የቀረበ አስተያየት

በተማሪው መካከል፣ በመኝታ ክፍልም ሆነ በሻይ ሰዓት፣ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ወሬ አለ። ይኸውም በሜክሲኮ አገር ከመሬት ተቆፍረው የወጡት ታላላቅ የድንጋይ ራሶች የጥቁር ሰው መልክ ስላላቸው፣ የአሜሪካን ጥንታዊ ሥልጣኔ የጀመሩት ባሕር ተሻግረው የሄዱ አፍሪካውያን ናቸው የሚል ነው። ይህን የሚያወራው ጓደኛችን ደረቱን ነፋ አድርጎ ያወራል፤ የሚሰማውም ደስ ይለዋል። ደስ ማለቱ አያስወቅስም። ለብዙ ዘመን «ታሪክ የላችሁም» ሲባል የኖረ ሕዝብ፣ ታሪክ ሲሰጡት እጁን ቢዘረጋ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን የተሰጠን ነገር የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ መቀበል ለተማሪ አይገባም ብለን ስለምናምን ይህን አስተያየት ለአንባብያን አቅርበናል።

ሐሳባችን በአጭሩ የሚከተለው ነው። የአንድ አገር የጥበብ ፈሊጥ በሌላ አገር ሲገኝ፣ ወይም የአንዱ ሥራ የሌላውን ሲመስል፣ መመሳሰሉ የጥያቄ መጀመሪያ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ፈሊጥ በነጋዴ ይጓዛል፤ በተሳላሚ ይጓዛል፤ በጋብቻም በጦርም ይጓዛል። የተቀበለውም ሕዝብ ማኅተም እንደሚያርፍበት ሰም ዝም ብሎ የሚታተም አይደለም፤ ይመርጣል፣ ይለውጣል፣ የራሱን ይጨምራል። ይህን ዘንግቶ «እገሌ ከእገሌ ወሰደ» ብሎ መፍረድ፣ ሠሪውን ከሥራው መንቀል ይሆናል። እስፓኛውያን ከመድረሳቸው በፊት የነበረችው አሜሪካ ደግሞ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ትሰጣለች። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

መጀመሪያ የወሬውን ምንጭ እንመልከት። ሆሴ ማሪያ ሜልጋር የተባለ ሰው በ1862 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ፣ በቬራክሩዝ ግዛት፣ ትሬስ ሳፖቴስ ዛሬ በሚባለው ቦታ ከመሬት ውስጥ የወጣ አንድ ታላቅ የድንጋይ ራስ አየ። በ1869 ባሳተመው ጽሑፍም ፊቱ «ኢትዮጵያዊ» መልክ እንዳለው ገልጾ፣ እንግዲያውስ በዚህ አገር ጥንት ጥቁሮች ኖረዋል ሲል ደመደመ። የአገራችን ስም በዚህ ክርክር ውስጥ የገባው እንዲህ ነው። ሜልጋር ግን አክሱምንም ጎንደርንም አላሰበም። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ትምህርት «ኢትዮጵያዊ» ማለት ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚሰጥ የጅምላ ስም ነበር። እኛን ሳያውቅ በእኛ ስም ጠራን፤ የድንጋዩን ባለቤቶችም ሳያውቅ ድንጋያቸውን ለሌላ ሰጠ። በአንድ ቃል ሁለት ሕዝብ ተሳሳተ ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1976፣ በጉያና አገር የተወለደው ኢቫን ቫን ሰርቲማ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው ጽፎ አሳተመ። እሱ እንደሚለው፣ የኩሽ ነገሥታት ግብጽን በሚገዙበት ዘመን ከአፍሪካ የተነሡ መርከበኞች የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ደርሰው ነበር፤ የድንጋይ ራሶቹም የነሱ መልክ ናቸው። መጽሐፉ በብዙ አገር በሚኖሩ ጥቁሮች ዘንድ ታላቅ ደስታን ፈጠረ። እኛም ደስታውን እናከብራለን፤ ክርክሩን ግን እንመረምራለን።

አንደኛ፣ ዘመኑ አይገጥምም። የኩሽ ነገሥታት ግብጽን የገዙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት ነው። ራሶቹን የሠሩት ኦልሜክ ብለን የምንጠራቸው ሕዝብ ናቸው። ዛሬ ከሚታወቁት 17 ራሶች መካከል 10 የተገኙበት ሳን ሎሬንሶ የተባለው ከተማቸው የገነነው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1400 እስከ 1000 ዓመት ግድም ነው። እንግዳው ከመድረሱ በፊት ምስሉ ተቀርጾ አልቋል።

ሁለተኛ፣ ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል። ራሶቹ የተቀረጹት ባዛልት ከሚባለው ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ ድንጋዩ የመጣው ቱስትላ ከሚባሉት ተራሮች ነው። ከተራሮቹ እስከ ሳን ሎሬንሶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ትልቁ ራስ ቁመቱ 3 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደታቸውም በብዙ ቶን የሚቆጠር ነው። የሚጎትት በሬ፣ የሚሽከረከር ጋሪ በሌለበት አገር፣ በረግረግና በወንዝ መካከል ይህን ያህል ሸክም ማምጣት የብዙ ሰው ጉልበትና የጸና መንግሥት ይጠይቃል። ከራሶቹም አንዳንዶቹ አስቀድሞ የንጉሥ ዙፋን ሆነው ከተሠሩ በኋላ እንደገና ተጠርበው ራስ የሆኑ ናቸው። ይህ ሁሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ የአገሬው ሥራ እንጂ በአንድ መርከብ የመጣ ጥበብ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ፊቶቹ። እያንዳንዱ ራስ የራሱ መልክ፣ የራሱም የራስ ቁር አለው፤ ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች የገዢዎች ምስል ነው ይላሉ። ሰፊ አፍንጫና ወፍራም ከንፈር የአንድ ዘር ብቻ ሀብት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ፊት ያላቸው የአገሬው ተወላጆች ዛሬም በዚያው ምድር ይኖራሉ። ከአፍሪካ የመጣ ዕቃ ግን፣ ሸክላም ሆነ ብረት ወይም ዶቃ፣ በሥርዓት በተቆፈረ የኦልሜክ ንብርብር ውስጥ አልተገኘም። በ1997 ጋብሪየል ሃስሊፕ ቪዬራ፣ በርናርድ ኦርቲስ ዴ ሞንቴያኖና ዋረን ባርቡር የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝረው ካስረዱ በኋላ፣ ነገሩ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ከባህላቸው መዝረፍ ነው ሲሉ ጽፈዋል። ቃሉ ከባድ ነው፤ ግን ትክክለኛ ነው እንላለን።

«እሺ፣ ከውጭ አልመጣም እንበል፤ እዚያው አሜሪካ ውስጥስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የፈሊጥ ነገር የሚጠናውም እዚህ ላይ ነው። የሜክሲኮው ሊቅ አልፎንሶ ካሶ በ1942 ቱስትላ ጉቲዬሬስ ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ ኦልሜክ ለኋለኞቹ ሥልጣኔዎች ሁሉ እናት ነች የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። በእርግጥም የጃጉዋር አፍ ያላቸው ሕፃናት፣ በመሐሉ የተሰነጠቀ ራስና ወደ ታች የተንጠለጠለ ከንፈር ያላቸው ምስሎች ከባሕረ ሰላጤው ርቀው ይገኛሉ። በማዕከላዊው ሜክሲኮ፣ በሞሬሎስ ግዛት፣ ቻልካትሲንጎ በሚባለው ቦታ፣ አንድ ሰው በዋሻ አፍ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከላዩ ደመናና ዝናብ ሲወርድ የሚያሳይ ሥዕል በገደል ላይ ተቀርጿል።

ታዲያ እናት ናት ወይስ እኅት? በ2005 ሁለት ወገን ሊቃውንት በዚሁ ተከራከሩ። አንደኛው ወገን የሸክላ ስብርባሪ በኬሚስትሪ መርምሮ፣ ሳን ሎሬንሶ ወደ ሌሎች ላከች እንጂ ከሌሎች አልተቀበለችም አለ። ሁለተኛው ወገን የዚያኑ ዘመን ሸክላ በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ሸክላው ወዲያም ወዲህም ተመላልሷል ሲል መለሰ። ከዚህ ክርክር የምንማረው ነገር ዳኝነቱ ብቻ አይደለም። ክርክሩ የተደረገው «ይመስላል፣ አይመስልም» በሚል ሳይሆን፣ ጭቃው ከየት ወንዝ ተዛቀ በሚል ጥያቄ ነው። ይህ ዓይነት ጥያቄ ሰውን ያስተምራል፤ ያኛው ዓይነት ግን ያጨቃጭቃል እንጂ አያስተምርም።

አሁን ደግሞ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ፔሩ ተራሮች እንሻገር። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቻቪን ዴ ዋንታር የሚባል የድንጋይ ቤተ መቅደስ አለ። በውስጡ፣ በጨለማ መተላለፊያ መካከል፣ ላንሶን የተባለ ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ የተቀረጸ ድንጋይ ቆሟል፤ የጥርሱ ክራንቻ ወጥቶ፣ ጸጉሩ እባብ ሆኖ ይታያል። የፔሩ ልጅ የሆነው ሁሊዮ ቴዮ ከ1919 ጀምሮ ይህን ቦታ አጥንቶ፣ ቻቪን የአንዴስ ሥልጣኔ እናት ናት አለ። ቴዮ ይህን ያለበት ዘመን ሌሎች የአገሩን ሥልጣኔ ከሌላ ምድር የመጣ አድርገው የሚያወሩበት ስለነበር፣ ሥሩ እዚሁ ነው ማለቱ ታላቅ አገልግሎት ነበር። ሆኖም በ2001 ሩት ሻዲና ባልደረቦቿ ባወጡት የዘመን ልኬት፣ በባሕሩ ዳርቻ ባለው በሱፔ ሸለቆ ካራል የተባለችው ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ዓመት ግድም ተሠርታ እንደ ነበር ታወቀ። እናት የተባለችው ቻቪን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሚቀድሟት አያቶች ነበሯት ማለት ነው።

የቻቪን ፈሊጥ ግን ሩቅ መሄዱ እውነት ነው። እንዴት ሄደ? የጦር ሠራዊት እንደ ዘመተ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ቤተ መቅደሱ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተሳላሚ የሚጎርፍበት ቦታ እንደ ነበር ግን ብዙ ምልክት አለ። በ2001 በአንድ ክፍል ውስጥ 20 የባሕር ቀንድ አውጣ መለከቶች ተገኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ቀንድ አውጣ የሚኖረው ደግሞ በስተሰሜን በሞቃቱ ባሕር ነው። ድንጋዩን ማንም ተሸክሞ አይሄድም፤ ጨርቅ ግን ይታጠፋል፣ በጀርባ ይታዘላል። ከቻቪን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በደቡቡ ባሕር ዳርቻ በፓራካስ አጠገብ፣ ካርዋ በሚባል ቦታ የቻቪን አማልክት የተሣሉባቸው የጥጥ ጨርቆች ተገኝተዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም እንዲል እንለምናለን። በቻቪን በድንጋይ የተቀረጸው፣ በሁለት እጁ በትር የያዘው አምላክ፣ በካርዋው ጨርቅ ላይ ሴት ሆኖ ይታያል። በዙሪያዋም የጥጥ ፍሬ ይበቅላል። ጥጥ የሚዘራው በቆላው ዳርቻ ነው እንጂ በተራራው ላይ አይደለም። እንግዲህ የዳርቻው ሰዎች ከተራራው አምላክ ተቀብለው፣ እርሻቸውን የምትጠብቅ እመቤት አደረጓት። ይህን «ተጽዕኖ» ብሎ በአንድ ቃል ማለፍ ይቻላል? የተቀበለው ወገን የሠራውን ግማሽ ሥራ ደብቆ የሚያስቀር ቃል ስለሆነ አይበቃም።

«ይህስ የሃይማኖት ነው፤ በጦር የመጣ ፈሊጥ ግን አሸናፊው ተሸናፊውን የጫነበት ነው» የሚል ቢኖር፣ ቲካል የተባለችውን የማያ ከተማ ይመልከት። ቴኦቲዋካን የምትባለው የመካከለኛው ሜክሲኮ ታላቅ ከተማ ከቲካል 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በማያ ጽሑፍ እንደሚነበበው፣ ጃንዩወሪ 16 ቀን 378 ሲያህ ካክ የተባለ የጦር አለቃ ከምዕራብ መጥቶ ቲካል ደረሰ፤ የከተማይቱም ንጉሥ በዚያው ቀን ሞተ። በዓመቱ ያሽ ኑን አሂን የተባለ አዲስ ንጉሥ ነገሠ። ከዚያ በኋላ የቴኦቲዋካን ልብስ፣ ጦር ማስወንጨፊያና ክብ ክብ የዓይን ጌጥ በቲካል ሐውልቶች ላይ በረከተ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ድል ያለ አይመስልም።

ነገር ግን ሐውልት ቁጥር 31 ተብሎ የሚጠራውን፣ በ445 የቆመውን ድንጋይ እንመልከት። የያሽ ኑን አሂን ልጅ መሐል ላይ ቆሟል፤ የለበሰውም በጌጥ የተሞላውን የማያ ነገሥታት ልብስ ነው። አባቱ ደግሞ በግራና በቀኝ ሁለት ጊዜ ተቀርጾ፣ በቴኦቲዋካን ወታደር ልብስ ይታያል። ልጁ የአባቱን የባዕድ ልብስ አልካደም፤ ነገር ግን እሱ ራሱ አለበሰውም። ያሽ ኑን አሂን የተቀበረበት ነው ተብሎ ከሚታመነው መቃብር የወጣው አጥንትና ጥርስ ተመርምሮ በ2005 በታተመ ጥናት ደግሞ፣ ሟቹ በልጅነቱ እዚያው በቲካል አካባቢ ያደገ እንደሚመስል ተገልጿል። የባዕድ ልብስ የለበሰ ሁሉ ባዕድ አይደለም ማለት ነው። ተዳፋት መሠረት ላይ ባለ ክፈፍ ቀጥ ያለ ግድግዳ የሚሠራበት የቴኦቲዋካን የሚባለው የግንብ ፈሊጥም፣ በፑዌብላ ምድር ከቴኦቲዋካን ቀድሞ የታየ ነው።

መንገዱም የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በቴኦቲዋካን መሐል በማያ ፈሊጥ የተሣሉ የግድግዳ ሥዕሎች ተገኝተዋል። በ2022 ደግሞ ከማያ ቆላ የመጣች አንዲት ዝንጀሮ አጥንት ከዚያው ቦታ መገኘቱ ተጽፏል፤ ምሁራኑ ከ378 ቀደም ብላ በስጦታ የተላከች ነች ይላሉ። ሁለቱ ከተሞች ከመጋጨታቸው በፊት እጅ መንሻ ይለዋወጡ ነበር ማለት ነው። ጎረቤት ሲኖር እንዲህ ነው፤ ይጋባል፣ ይገበያያል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ፈሊጡም ይህን ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ለምን ለኢትዮጵያ ተማሪ እናወራለን? ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1910 ጀርመናዊው ሌዎ ፍሮቤኒየስ በናይጄሪያ የኢፌን ውብ የራስ ቅርጾች አይቶ፣ ይህን አፍሪካዊ ሊሠራው አይችልም ብሎ ስላሰበ፣ ጠፍታለች ለምትባለው ለአትላንቲስ ሰጠው። የዚምባብዌን ታላቅ የድንጋይ ግንብ ፊንቄያውያን ሠሩት ሲባል ስንት ዘመን ኖረ። ስለ የሓና ስለ አክሱምም፣ ከባሕር ማዶ በመጡ የደቡብ ዓረቢያ ሰፋሪዎች የተተከለ ሥልጣኔ ነው የሚለው ትምህርት ለረጅም ጊዜ ሠልጥኖ ነበር። ይህን ስንሰማ እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ትክክል ነው። ታዲያ ፍሮቤኒየስ በኢፌ ራሶች ላይ ያደረገውን፣ እኛ በኦልሜክ ራሶች ላይ ስናደርገው ምን ይባላል? ፈራጁ ቢለወጥ ፍርዱ አይለወጥም።

«ስንዘረፍ ኖረናል፤ አንዲት ታሪክ ብንወስድ ምናለበት?» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። የምንወስደው ግን ከዘረፈን ወገን አይደለም። የምንወስደው፣ በ1562 በዩካታን ምድር፣ በማኒ ከተማ፣ ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ መነኩሴ መጻሕፍቱን በእሳት ካቃጠለበት ሕዝብ ነው። ከዚያ ሁሉ የማያ መጽሐፍ ዛሬ ተርፈው የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው። በ1868 መጻሕፍቱ ከመቅደላ ተጭነው የተወሰዱበት አገር ልጅ ይህን ኀዘን ያውቀዋል። መጽሐፉን ያጣ ሕዝብ የቀረው ድንጋዩ ነው፤ ድንጋዩን ደግሞ እኛ ልንነጥቀው አይገባም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን «ይህ ያንን ይመስላል» የሚል ነገር ሲሰሙ አራት ጥያቄ እንዲጠይቁ እንመክራለን። የትኛው ይቀድማል? የተሠራበት ድንጋይ፣ ጭቃ ወይም ጥጥ ከየት መጣ? በምን መንገድና በማን እጅ ተጓዘ? የተቀበለውስ ሕዝብ ምን ለወጠበት? ለነዚህ መልስ ያልተገኘለት መመሳሰል በፈተና ወረቀት ላይም ሆነ በንግግር መድረክ ላይ ማስረጃ ተብሎ ሊቀርብ አይገባም። መምህራኖቻችንንም፣ «ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል በወረቀታችን ላይ ባገኙ ቁጥር በቀይ አስምረው «በምን መንገድ?» ብለው እንዲጠይቁን በትሕትና እንለምናለን።

አፍሪካ ለመኩራት የሰው ዕዳ መግባት አያስፈልጋትም። የኢፌ ራሶች አሉ፤ የኖክ ሸክላዎች አሉ፤ የሜሮዌ ፒራሚዶች አሉ፤ የአክሱም ሐውልቶች በደጃችን ቆመዋል። ከነዚህ ስንቱን ለክተናል? ስንቱን አጥንተናል? ስለ ሜክሲኮ ድንጋይ በሻይ ሰዓት ከሚከራከረው ተማሪ መካከል የየሓን ቤተ መቅደስ ግንብ በዓይኑ ያየ ስንት ነው? ባሕር ማዶ ሄደን የሰው ራስ ከምንለምን፣ የራሳችንን ድንጋይ ማንበብ ብንጀምር ይበጀናል።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው። ነገር ግን ሲጽፍ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ እንጂ፣ «ፊቱ ይመስላል» ብቻ ብሎ እንዳይመጣ አስቀድመን እናሳስባለን።